የእህል ቤቱ ባቡር

ዲያቆን ዘርአ ዳዊት ከመስከረም ወዲህ አንድ ቦታ ረግቶ አልተቀመጠም። ቅዳሴ ቆሞ እንኳ አውራ ጣቱ በመቋሚያው ላይ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። አባቱ መሪጌታ ወልደተንሣኤ መጀመሪያ ቁንጫ የያዘው መስሏቸው ነበር፤ ቆይተው ደግሞ «ልጁ ሚስት አምሮታል» አሉ። ነገሩ ቁንጫም ሚስትም አልነበረም። ባቡር ነበር።

ይህን ነገር ልቡ ውስጥ የጨመሩበት ሐጂ ረሺድ ናቸው። ሐጂው ከአንኮበር ቁልቁል የሦስት ሰዓት መንገድ በሚያስኬደው በአልዩ አምባ የሚኖሩ ነጋዴ ሲሆኑ፣ ለመሥዋዕት የሚሆነውን ዘቢብ ከባሕር የሚያስመጡት እሳቸው ነበሩ። ዘርአ ዳዊት ለደብሩ ዘቢብ ሊገዛ አንድ ዓርብ ገበያ ቢወርድ፣ ከመካ ሲመለሱ በግብጽ፣ እሳቸው ምስር በሚሉት አገር፣ በኩል ዞረው ያዩትን አወሩለት።

«ወላሂ በዓይኔ ነው ያየሁት! በብረት መንገድ ላይ ተከታትሎ የሚሮጥ የሰረገላ ቅፍለት ነው። ባቡር ይሉታል። አንዱ ሰረገላ እሳት ይበላል፣ ውሃ ይጠጣል። የቀሩት ምንም አይበሉም፤ እሱ ነው የሚያስኬዳቸው።»

ዘርአ ዳዊት ያን ቀን ዳገቱን እንዴት እንደ ወጣው አያውቅም። በማግሥቱ ባዶውን የእህል ቤት ጠርጎ ሥራ ጀመረ። ሸምበቆ ለሁለት ሰንጥቆ፣ በእሳት እያሞቀ አጎበጠና ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ዘረጋው። መንገዱ ከጎታው አናት ይነሣል፤ በድንጋይና በኩበት ተደግፎ ግድግዳውን ይዞ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ወፍጮው ጥግ ሲደርስ ይታጠፍና እስከ በሩ ይዘልቃል። በክር የተያያዙት ሰረገሎች አራት ናቸው። ሦስቱ ከስስ ጣውላ የተሠሩ ቀላል፣ አራተኛው ድንጋይ የተጫነበት ከባድ። እሳት የሚበላው ይኼ ነው። ክብደቱ ቁልቁል ሲገፋ ሌሎቹን ያስኬዳል።

መንኰራኵር ግን ከየት ይምጣ?

«አንተ ልጅ፣ እንዝርቴን ምን አደረግኸው?» አለች ታላቅ እኅቱ አመተ ማርያም፣ አንድ ቀን በሩ ላይ ቆማ።

«የቱን እንዝርት፣ እትዬ?»

«የቱን ይለኛል! ክቡ ወልቆ ዘንጉ ብቻ ነው የቀረልኝ። የጎረቤታችን የወለተ ሥላሴም እንደዚሁ። ወይ ቀድስ ወይ ፍተል፤ ሁለቱን አንድ ላይ የሚያደርግ ዲያቆን አልሰማሁም።»

ዘርአ ዳዊት ከሥራው ቀና አላለም። ከየቤቱ እንዝርት የለቀማቸው አሥራ ስድስት ክቦች ሰረገሎቹ ሥር ይሽከረከሩ ነበር።

ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ባቡሩ ማለፊያ ነበር። ወፍጮው ጥግ ሲደርስ ግን ነገር ይበላሻል። ከባዱ ከኋላ ሲገፋ መካከለኛው ሰረገላ ይነሣል፣ የፊተኛው ይጣመማል፣ ሁሉም ተደራርበው ይወድቃሉ። መታጠፊያውን አሰፋው፤ ወደቀ። ሰም ቀባው፤ ወደቀ። ጸሎት አድርሶ ለቀቀው፤ ወደቀ። ሌት ተነሥቶ ይቀመጣል፣ ቀን ከማዕድ ተነሥቶ ይሄዳል፣ ሰው ሲያወራው ዓይኑ ጥግ ጥግ ይፈልጋል።

በጥር አጋማሽ፣ ሐሙስ ቀን፣ መሪጌታ ወደ እህል ቤቱ ብቅ አሉ።

«ቅዳሜ ገብሱ ይገባል። ይኼን ሸምበቆ ካላነሣህ ለምድጃ ነው።»

«መታጠፊያውን ብቻ አልፎ ልየው፣ አባቴ።»

«የኤልያስ ሰረገላ እንኳ በአንድ ቀን ነው ሥራዋን የጨረሰችው። ያንተዋ ከመስከረም ጀምራ ወፍጮ ሥር ትወድቃለች!»

ገብሱ ከገባ ቤቱ እስከ ክረምት አይለቀቅም። ዘርአ ዳዊት ደግሞ ከፋሲካ በኋላ ቅኔ ሊማር ጎጃም ይሄዳል። አሁን ካልታጠፈ መቼም አይታጠፍም።

ዓርብ ገና ወገግ ሲል ዘቢብ መግዣውን ይዞ ቁልቁለቱን ተያያዘው። ሐጂ ረሺድ ከገበያው በታች ባለው ሜዳ ላይ ጭነት ያስጭኑ ነበር፤ ያን ቀን ወደ ባሕር ይነሣሉ።

«ሐጂ፣ ባቡሩ መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ምን ያደርጋል?»

«ይታጠፋላ!»

«አይወድቅም?»

«ለምን ይወድቃል? ሰው ተሳፍሮበት እኮ ነው!»

«የኔ ይወድቃል።»

ሐጂው ሳቁ። «ዲያቆን፣ ያን ሁሉ ዘቢብ ለመሥዋዕት ነው የምትወስደው ወይስ እየጠመቅህ ትጠጣዋለህ? በል አረፍ በል፣ ጭነቴን ልጨርስ።»

ማረፍ የት አባቱ! በተንበረከኩት ግመሎች መካከል ሲመላለስ ዋለ። ሌላ ጊዜ ዳገቱ እንዳይመሽበት በጊዜ ስለሚመለስ፣ ግመል ተንበርክኮ እንጂ ተጭኖ ሲሄድ አይቶ አያውቅም። ግመል አንኮበር አይወጣም።

ፀሐይ ስትበርድ አንድ ሰው የመጀመሪያውን ግመል አስነሥቶ ገመዱን ያዘ። ከዚያ ግመል ጭራ ላይ የታሰረው ገመድ የሁለተኛውን አፍ ይዟል፤ ከሁለተኛው ጭራ የሦስተኛውን። ሃያ ግመል አንድ ክር ሆኖ ተነሣ። ትልቁ ዋርካ ጋ ሲደርሱ ፊተኛው ዞረ፤ ሁለተኛው እሱ የረገጠበትን ረግጦ ዞረ፤ ሁሉም ዞሩ።

«ከኋላ የሚነዳቸው የለም?» አለ ዘርአ ዳዊት።

«ግመል ከኋላ ይነዳል እንዴ? አህያ መሰለህ?»

ዘርአ ዳዊት ወደ ሐጂው ዞረ። «ያ... እሳት የሚበላው ሰረገላ ከፊት ነው?»

ሐጂ ረሺድ ራስህ ከአንገትህ በላይ ነው ወይ የተባሉ ያህል አዩት። «ታዲያ ከየት ሊሆን ኖሯል?»

ከኋላ ነዋ! በእሱ አገር አህያም በቅሎም ጭነት ይዞ ከፊት ይሄዳል፣ ባለቤቱ ከኋላ ሆኖ ይነዳል። አራት ወር ሙሉ ይኼንን አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቀም። ሐጂውም አልነገሩትም፤ በእሳቸው አገር ደግሞ የሚያስኬድ ከፊት ነው።

ደኅና ይሁኑ ማለቱን ራሱ አያስታውስም። ዳገቱን ሲያጋምስ ሰማዩ በደመና ጠቆረ። መሽቶ ደጃቸው ሲደርስ በችቦ ብርሃን አህዮች ገብስ ተጭነው ጠባቡ የአጥር በር ላይ ተጨናንቀዋል፤ ነጂው ከኋላ በዱላ ቢጨምርባቸው ጊዜ ፊተኞቹ ተጣመው ተቆላለፉ። ሌላ ቀን ቢሆን አያስተውለውም ነበር።

«ዝናብ መጣ፤ ዛሬውኑ ይግባ ብዬ ነው» አሉ መሪጌታ። አንድ ሸክም ገብስ በሩ አጠገብ ቆሟል። ሁለት ሰዎች ሸምበቆውን ሊያነሡ ጎንበስ ብለዋል።

«ተዉት! አባቴ፣ አንድ ጊዜ! አንድ ጊዜ ብቻ!»

ድምፁ እንዲህ ከፍ ብሎ ተሰምቶ አያውቅም። ሰዎቹ ቀና አሉ። ዘርአ ዳዊት ክሩን ፈታ፣ ከባዱን ሰረገላ ከፊት አሰለፈ፣ ሦስቱን ከኋላው እያከታተለ አሰረና ከጎታው አናት ለቀቀው።

ባቡሩ ወረደ። ወፍጮው ጥግ ደረሰ። ከባዱ ዞረ። ክሩ ተወጠረ፤ አንዱ ዞረ፣ ሁለተኛው ዞረ፣ የመጨረሻው ጭራውን ወዘወዘና ዞረ። ከዚያ እየፈጠነ በበሩ ወጥቶ የመሪጌታን እግር ገጨ።

«ያቺ ከኋላ ያለችው የኔ እንዝርት ናት!» አለች አመተ ማርያም ከውጭ ሆና፤ ጭብጨባዋን ግን አላቋረጠችም።

መሪጌታ ሰረገላውን አንሥተው አንዱን ክብ በጣታቸው አሾሩት፤ እስኪቆም ጠበቁት።

«በል፣ አለፈልህ። አሁን ትረጋለህ?»

«አዎ፣ አባቴ» አለ። ሸምበቆውንም ሰው ሳያስነካ ራሱ አነሣ።

የመጨረሻውን ቁራጭ ይዞ ሲወጣ ግን አውራ ጣቱ ጠርዙ ላይ ወዲያና ወዲህ ይል ጀመር። ይኼ የወረደው በቁልቁለት ነው። የምስሩ ባቡር ዳገት ሲያጋጥመውስ?

«ዘቢቡን የት አደረግኸው?» አሉ መሪጌታ።

ዘርአ ዳዊት ደረቱን ዳበሰ። የዘቢብ መግዣው እንደ ተቋጠረ ነው።

«እሑድ በምን ሊቀደስ ነው? አንተ ልጅ!»

«ቅፍለት የመጀመሪያውን ቀን ሩቅ አይሄድም፣ አባቴ» አለ ዘርአ ዳዊት። ሊገሠጽ የቆመ ሰው ፊት አልነበረውም። «ወገግ ሲል ወርጄ ሐጂን እደርስባቸዋለሁ።»