የሚዘገየው ሦስተኛ ምት

«የሞተ ሰው መዶሻ ከሰማህ አትመልስለት» አለ አንደኛው።

«ብመልስለትስ?» አለ ሌላው።

ይህን የሰማሁት የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ አባቴ ይዞኝ በገባ ቡና ቤት፣ ጠረጴዛ ሥር ተቀምጬ ነው። ፊታቸውን አላየሁም። ያየሁት ጫማቸውን ነው፤ የአሉሚኒየም ብናኝ ያነጣው ጫማ። ባትላሜራዎች፣ ማለትም ላሜራ ቀጥቃጮች፣ መሆናቸውን ያወቅሁት በዚያ ነው። መልሱ ግን ጠፋብኝ። ወይ አባቴ እጄን ጎትቶ አወጣኝ፣ ወይ የካርታ ተጫዋቾቹ ጫጫታ ዋጠው። አርባ አምስት ዓመት ገደማ ጥያቄውን ብቻ ይዤ ኖርኩ።

ባለፈው ኅዳር ፎስካ ደወለችልኝ። የሟቹ ጓደኛዬ የሌያርኮ ሚስት ናት። ሌያርኮ በጣሊያኗ ከተማ በሞዴና ዙሪያ ከቀሩት ጥቂት ባትላሜራዎች አንዱ ነበር፤ ላሜራውን አሸዋ በተሞላ የቆዳ ከረጢት ላይ አስተኝቶ፣ በመዶሻ እየቀጠቀጠ የእሽቅድምድም መኪና አካል የሚያወጣ። ለራሱም አንዲት ግራጫ ባለ ሁለት ወንበር መኪና ሠርቶ ነበር። ሞተሯን ያስተካከልኩለት እኔ ነኝ። ማንም አላስተማረኝም፤ በመስማት ብቻ የለመድኩት ሥራ ነው። ሌያርኮ በሚያዝያ አረፈ። ፎስካ ደግሞ በጭጋግ ቀስ ብላ ስትነዳ የፊት ግራ ፓራፋንጎውን ከቦዩ ድልድይ ድንጋይ ጋር አጋጨችው።

«መዳፍ የማትሞላ ጉድጓድ ናት» አለችኝ። «ግን ኦሬስተ፣ ማንም እንዲቀይርብኝ አልፈልግም። ውስጡን ስትዳስሰው የመዶሻው ምት አንድ በአንድ አለ። ከእጁ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው።»

ጋራዥ ፍለጋ ዞርን። የመጀመሪያው፣ ወለሉ እንደ መስታወት የሚያበራው፣ መኪናዋን በመሣሪያ ለክቶ በሁለት ቀን አዲስ ፓራፋንጎ እንደሚያወጣ ነገረን፤ ከድሮውም ይበልጥ እኩል ይሆናል አለ። ፎስካ አመስግና ወጣች። ሁለተኛው ጉድጓዱን በስቱኮ እሞላዋለሁ ሲል ዐረፍተ ነገሩን እንኳ አላስጨረሰችውም። ሦስተኛው ጎንበስ ብሎ እጁን ወደ ውስጥ ከሰደደ በኋላ ቶሎ መልሶ አወጣውና በሱሪው ጠረገው። «ይህን መንካት የሚችል አንድ ሰው ነው፤ እሱም አይነካም» አለን።

ስሙን መንገር አላስፈለገውም። ኔቪዮ ነው፤ ሌያርኮን ያስተማረው።

ትልቅ ላሜራ ሁለት ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ነው የሚቀጠቅጠው። አንዱ ይመታል፣ ሌላው ይመልሳል። ሁሉም የየራሱ አመታት ስላለው፣ ከግቢ ውጭ ልብስ የምታሰጣ ሚስት እንኳ ባሏ ሥራ ላይ መሆኑን በድምፁ ታውቃለች። የሌያርኮ ሁለት ፈጣን፣ አንድ ዘግየት ያለ ነበር። ያቺ ሦስተኛ ምት ኔቪዮን ታንገበግበው ነበር። በሠራተኛው ሁሉ ፊት «አሁንም ዘገየህ» ይለዋል፤ ሃያ ዓመት ሙሉ። አንድ ቀን ሌያርኮ መዶሻውን ከከረጢቱ ላይ አስቀምጦ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ለአሥራ ስምንት ዓመት አልተነጋገሩም። በቀብሩ ዕለት ሽማግሌው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ባርኔጣውን ይዞ ቆሞ አይቼዋለሁ። አልገባም።

«እንዲያየው ብቻ እንለምነው» አልኳት።

ቅዳሜ ጠዋት ሄድን። ጭጋጉ የመንገዱን ዛፎች ውጧቸዋል። እየነዳሁ ሳለ ከሞተሩ ሌላ ድምፅ ሰማሁ፤ ከግራ በኩል። ጠክ ጠክ። ቆየት ብሎ፣ ጠክ። ቆምኩና ሞተሩን አጠፋሁ። ዝም። ጠጠር ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። በእኛ አገር ኅዳር የሙታን ወር ነውና ለነፍሳት የሚጸለየውን በልቤ ደግሜ መንገዴን ቀጠልኩ። ፎስካ እጇን በሩ ላይ እንደጫነች ቀረች።

ኔቪዮ ሰማንያ አራት ዓመቱ ነው። በነጠላ ጫማ ወጣ።

«አንተ ጆሮ» አለኝ፣ «ገና አልደነቆርክም?»

«ከእርስዎ መዶሻ የተረፈችኝን ይዤ ነው፣ አለቃ።»

ፎስካን አየ፣ መኪናዋን አየ፣ ፊቱ ተለወጠ። መዶሻ የሚያነሳው ለውዝ ለመስበር ብቻ እንደሆነ፣ እጁም እንደሚንቀጠቀጥ ነገራት። እሷ አልተከራከረችም። እንዲያየው ብቻ ጠየቀችው፤ እንቢ ካለ ጉድጓዱን እንዳለ ይዛው እንደምትኖር ነገረችው። ለማየት እሺ አለ።

ግቢው ውስጥ ባለው የድሮ ጋራዡ ጎማውን ፈትቼ መብራት ያዝኩለት። እጁን ወደ ውስጥ ሰደደና ዓይኑን ጨፈነ። «እዚህ ተናዶ ነበር» አለ። ትንሽ ቆይቶ «እዚህ ደግሞ ደስ ብሎታል» አለ። ከዚያ ላሜራው የት እንደተወጠረ፣ የት እንደላላ ለመስማት ትንሿን የእንጨት መዶሻ አነሳና ሁለቴ ነካ ነካ አደረገው።

ጠክ ጠክ።

ጠክ።

የኔቪዮን መዶሻ አየሁ፤ አየር ላይ ናት። የፎስካ እጆች ካፖርቷ ኪስ ውስጥ ናቸው። የእኔዎቹ መብራት ይዘዋል።

ኔቪዮ ቀና አላለም። ጭንቅላቱን ወደ ላሜራው አዘንብሎ ደግሞ ሁለቴ መታ። ሦስተኛው ቆይቶ መጣ፤ ያንኑ ያህል ዘግይቶ።

«አሁንም ዘገየህ» አለ ኔቪዮ።

ሳያስበው ነው ያለው፤ በዚያው በድሮው የቁጣ ድምፅ። ከዚያ የራሱን ድምፅ ሰማ። መዶሻዋ ቀስ ብላ ወደ ጉልበቱ ወረደች።

«ማንን ነው?» አለች ፎስካ። ማንን እንደሆነ ታውቃለች።

ከፓራፋንጎው ውስጥ አንድ ምት ብቻዋን መጣች፤ ተራው የደረሰ ሰው አስታውሱኝ እንደሚል።

«አለቃ፣ ካልፈለጉ ይዤው እሄዳለሁ» አለች ፎስካ።

«ወዴት ነው የምትወስጂው ልጄ?» አለ ሽማግሌው። ፊቱ አመድ መስሏል። «መልሼለታለሁ እኮ። ከመለስክለት ሥራው የሁለታችሁ ነው። ሳያልቅ ትተህ መሄድ የለም።»

ያን ጊዜ ቡና ቤቱ ውስጥ ጠረጴዛ ሥር ሳለሁ የጠፋብኝ መልስ ይኸው ነበር፤ ድምፁም ያው፣ ያረጀ ብቻ። ነጠላ ጫማውን አየሁ። አማተብኩ።

ኔቪዮ መዶሻዋን ወለሉ ላይ አስቀመጠ። እጁ ፓራፋንጎው ላይ ነው፤ መንቀጥቀጡን አቁሟል። በኋላ ምን እንደሚያደርግ ነገራት። መኪናዋ እዚያው ትቆያለች። ፎስካ ሰኞ ከቅዳሴ በኋላ ሌያርኮ በቤቱ ይሠራበት የነበረውን መዶሻ ይዛለት ትመጣለች፤ ከእሱ ፊት ለፊት፣ ሌያርኮ ይቆምበት በነበረው ከረጢት አጠገብ ያስቀምጠዋል። ጉድጓዱን ከውስጥ ያወጣዋል፤ ግን የሌያርኮን ምት ተከትሎ፣ በየምቱ ላይ ብቻ እየመታ፣ የራሱን አንድም ሳይጨምር።

«ሁለት እመታለሁ» አለ፣ ወደ ላሜራው ዞሮ። «ሦስተኛውን እጠብቃለሁ። እንደፈለገ ይዘግይ። አልቆጣም።»