የጥድ ልምጭ

ዣኔታን እንቅልፍ የነሳት «ምንም የሚያሳስብ ነገር የለም» የሚለው መስመር ነው። ከትምህርት ቤቱ በስልኳ የመጣው መልእክት በጠቅላላው ሦስት መስመር ነበር፤ ስለ ልጅሽ ስለ ካሊና ቀለል ያለ ውይይት ልናደርግ እንፈልጋለን፤ ረቡዕ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ብትመጪ ደስ ይለናል፤ ምንም የሚያሳስብ ነገር የለም።

ሦስተኛውን መስመር ሃያ ጊዜ አነበበችው። የማያሳስብ ከሆነ አያሳስብም ብሎ መጻፍን ምን አመጣው? ሐኪም «አያምም» የሚለው መርፌውን ከኋላው ደብቆ አይደል? እሷ ራሷ አገሯ ፖላንድ ሳለች፣ ካርቱዚ ከተማ መድኃኒት ቤት ስትሠራ፣ ለስንቱ በሽተኛ «አይዞዎት፣ ቀላል ነው» ብላለች። ሕመሙ ቀላል ላልሆነ ሰው ነበር እንዲያ የምትለው።

ረቡዕ ደረሰ። ካሊናን እንደ ወትሮው ትምህርት ቤት አድርሳ ተመለሰችና ከአልጋ ሥር ሁለት ሻንጣ ጎትታ አወጣች። ልጅቱን ከነጭራሹ ማስቀረት አምሯት ነበር፤ ነገር ግን የቀረ ልጅ ስልክ ያስደውላል፣ ስልክ ደግሞ ጥያቄ ያመጣል። ስለዚህ ዘዴዋ ይህ ነበር፦ ትገባለች፣ ትሰማለች፣ ነገሩ የፈራችው ከሆነ ፈገግ ብላ «አስብበታለሁ» ትላለች፣ የልጇን እጅ ይዛ ትወጣለች። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ከዚህ ከተሰደደችበት አገር፣ ከክርስቲያንሳንድ ወደብ፣ ወደ ዴንማርክ የሚነሳ መርከብ አለ። ከዴንማርክ ወዲያ፣ እስከ ትውልድ ቀዬዋ እስከ ካሹብያ ድረስ መኪና መንዳት ብቻ ነው።

የፈራችው የፋሲካን ማግስት ነው። በካሹብያ የፋሲካ ማግስት ሰኞ ማለዳ ወንዱ ሁሉ የጥድ ልምጭ ይዞ ይነሳል። ከሕፃን እስከ ባልቴት ያገኛትን ሴት እግሯን ቸብ ቸብ ያደርጋታል፤ ውሃም ይደፋባታል። ለጤና ነው፣ ለበረከት ነው። የምታፍረው ያልተገረፈችዋ ናት፤ ዞር ብሎ ያያት የለም ማለት ነዋ! ባሏ ቪቶልድ ዘንድሮም ከሕንፃው ኋላ ካለው ጉብታ ጥድ ቆርጦ መጣና የሰባት ዓመቷን ካሊናን በሌሊት ልብሷ ግቢውን ሙሉ አሯሯጣት። ልጅቱ ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ጮኸች። ዣኔታ ሆዷን ይዛ ስትስቅ ድንገት ቀና ብትል፣ ከላይ ፎቅ የምትኖረው አሮጊቷ ቶርቢዮርግ ስኒዋን እንደያዘች በረንዳዋ ላይ ቆማ ቁልቁል ታያቸዋለች። ፈገግ እንኳ አላለችም።

የትምህርት ቤቱ መልእክት የመጣው ከዚያ በዘጠነኛው ቀን ነው። ይህ ደግሞ ለማን ይጠፋዋል?

ሆቴል ውስጥ አብራት አልጋ የምታነጥፈው የአገሯ ልጅ ቦዤናማ ነገሩን ስትሰማ አንሶላውን ጥላ ነበር ፊቷን የያዘችው። «አለቀልሽ! እዚህ አገር ልጅ መምታት ማለት እኮ ልጅ ማጣት ነው። ጆሮ የቆነጠጠች እናት ልጇን ወስደውባታል ሲሉ ሰምቻለሁ። መጀመሪያ እንዲህ ነው፣ ቀለል ያለ ውይይት ይሉሻል።»

ሻንጣዎቹን መኪናው ውስጥ ስትከት፣ ከየት መጣች ሳትባል ቶርቢዮርግ አጠገቧ ቆማለች።

«ጉዞ ነው?»

«ኧረ የለም! አሮጌ ልብስ ነው፤ ለችግረኛ የሚሰጥ።»

የአሮጊቷ ፊት በራ። «ቆዪኝማ ታዲያ!» ብላ ደረጃውን ወጣች፤ ተመልሳ ስትመጣ የሟች ባሏን ሹራቦች በጥቁር ላስቲክ ሞልታ ይዛለች። ዣኔታ ምን ታድርግ፤ ተቀብላ ከሻንጣዎቿ ላይ ጫነችው። ልቧ ግን አላመነም። በቁልፍ የተቆለፈ ሻንጣ ለችግረኛ ሲሰጥ የት ታይቷል? ይቺ ሴትዮ ሹራብ ልትሰጥ አይደለም የወረደችው፣ ልታጣራ ነው።

መንገዱን ስትነዳ ያ የዘወትር ጥያቄ መጣባት። ይህ ሁሉ ለምን? አምስት ዓመት ሆነ። የመጡት አብረው ለመኖር ነበር። ቪቶልድ ካርቱዚ ሳሉ መርከብ ለመበየድ ወር ሙሉ ከቤት ይጠፋ ነበርና፣ «ባንድ ከተማ እንኑር፣ ማታ ማታ አንድ ገበታ ላይ እንቀመጥ» ተባብለው ነው ቤታቸውን የዘጉት። አሁንስ? ቪቶልድ ከዚህ አራት ሰዓት በሚርቅ ወደብ ይበይዳል፤ የሚያዩት ቅዳሜና እሑድ ነው። እሷ መድኃኒት የምታውቀዋ ሴት የሰው አልጋ ታነጥፋለች። ትርፉ የታል? ካሊና ብቻ ናት በዚህ አገር ቋንቋ የምትስቀው። እሷንም ሊወስዱባት ነው። ዣኔታ መሪውን ጨብጣ ብቻዋን ጮክ ብላ ተሳደበች፤ ማንን እንደሰደበች ግን ለራሷም አልለየላትም።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ እንደ ደንቡ ጫማዋን አወለቀች። ይህም አንዱ የማትወደው ነገር ነው። በካልሲ የቆመ ሰው ምን ክብር አለው? ሮጦስ የት ይደርሳል? ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ክላሰር ያቀፈ ባለ መነጽር ሰው ተቀምጧል። ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ሰላም አላት። ከጎኑ ተቀመጠችና ለቪቶልድ ደወለች፤ በገዛ ቋንቋዋ ስለሆነ ድምጿን ለመቀነስም አልተጨነቀች።

«ደርሻለሁ። ሻንጣው መኪናው ውስጥ ነው።»

«የምን ሻንጣ?» ከቪቶልድ በስተኋላ ብረት ይንጫጫል። «ዣኔታ፣ ያምሻል እንዴ? ማነው እንዲህ ያስፈራራሽ?»

«ቦዤና የምታውቀውን ነው የነገረችኝ።»

«ቦዤና ስንት ልጅ ተወሰደባት? ልጅ የላትም እኮ!»

«አንተ ቀልድ። ልምጩን የያዝከው አንተ፣ የምጠየቀው እኔ። ነገሩ ካላማረኝ ልጄን ይዤ በአሥር ሰዓት ተኩሉ መርከብ እጠፋለሁ፤ አንተ ኋላ ትደርስብናለህ።»

«የኔ እመቤት፣ ስሚኝ፣ ሰዎቹ የሚሉትን መጀመሪያ ስሚ...»

በሩ ተከፈተ። የካሊና አስተማሪ ሲኖቨ፣ እሷም በካልሲ፣ ፈገግ እንዳለች እንድትገባ በእጇ አመለከተቻት። ዣኔታ ስልኩን ዘጋች። ባለ መነጽሩም ተነስቶ ተከትሏት ገባና ጥግ ላይ ተቀመጠ፤ ክላሰሩን ከፍቶ እስክሪብቶ አወጣ። በቃ፣ ልጅ የሚወስደው መሥሪያ ቤት ሰው ይኸው ነው።

ሲኖቨ ወሬዋን በአየሩ ጀመረች፣ የካሊናን ንባብ አደነቀች፣ ከዚያ እጆቿን አቆላልፋ ጎንበስ አለች።

«ዣኔታ፣ እንዲያው ሰሞኑን... ቤት ውስጥ የተለየ ነገር አለ?»

ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት እንዲሉ፣ የዣኔታ አፍ ከዣኔታ ቀድሞ ሄደ። «ባሌ ልጄን አልመታም! ማለት፣ ይመታል፤ ግን በጥድ ነው። እግሯን ብቻ። እኔንም ይመታኛል፣ በየዓመቱ። እናቴንም አባቴ ይመታት ነበር። ለጤና ነው። ውሃውም በጣም አልቀዘቀዘም።» የዚህን አገር ቋንቋ የተማረችው ከአልጋ አንጣፊ አለቃ ነውና «ቸብ ማድረግ» የሚል ቃል አልነበራትም፤ የነበራት «መምታት» ብቻ ነው። ባስረዳች ቁጥር ነገሩ ባሰ። ልጅቱ የጮኸችው ከደስታ ነው ስትል ጊዜ የራሷንም ጆሮ ቀፈፋት።

የሲኖቨ ፈገግታ ቀስ እያለ ከፊቷ ጠፋ። «እኛ የጠራንሽ ለዚህ አልነበረም» አለች። «ስለዚህ ነገር ምንም አላውቅም ነበር።»

ቶርቢዮርግ አልተናገረችም ማለት ነው። ማንም አልተናገረም። በገዛ እጇ፣ በገዛ ምላሷ! ዣኔታ ወንበሩን ጨበጠች። የፈሩት ይደርሳል የሚባለው ለካ ፈሪው ራሱ እየጎተተ ሲያመጣው ነው።

ያን ጊዜ ጥግ ላይ ያለው ሰው ተናገረ፤ በጥርት ያለ ፖላንድኛ።

«ኢሬኔውሽ እባላለሁ፣ ከሰኞ ጀምሮ እዚህ የልጆቹ የፖላንድኛ አስተማሪ ነኝ። ካስፈለገ እንዳስተረጉም ነው የተጠራሁት። ኮሪደሩ ላይ ልነግርዎት ፈልጌ ነበር፤ ስልክ ላይ ሆኑብኝ።»

ሻንጣውን፣ መርከቡን፣ «ልጄን ይዤ እጠፋለሁ» ያለችውን፣ ሁሉንም ሰምቷል።

«እባክዎ» አለች፣ «ይንገሯት። የፋሲካ ማግስትን ያውቁታል፣ የአገርዎ ባህል ነው!»

ኢሬኔውሽ መነጽሩን አወለቀ። «እኔ የክራኮው ሰው ነኝ፣ እመቤቴ። እኛ ደቡቦቹ ጋ ውሃ ብቻ ነው። ግርፊያውን... እውነቱን ለመናገር አላውቀውም።» ይህንኑ ለሲኖቨም ተረጎመላት። በዚህ ሁሉ የባዕድ አገር የቀራት አንድ ምስክር እንዲህ ሆነ።

«ይህን ከሰማሁ በኋላ ልጅቱን ሳልጠይቅ ማለፍ አልችልም» አለች ሲኖቨ ለስለስ ብላ፤ ተነስታም ወጣች።

ካሊና በቀይ ካልሲዋ እየተንሸራተተች ገባች፤ እናቷን ስታይ ግን ቀጥ አለች። ሲኖቨ ከፊቷ ቁጢጥ ብላ «ፋሲካ ማግስት ምን እንዳደረጋችሁ ትነግሪኛለሽ?» አለቻት። ልጅቱ አስተማሪዋን አየች፣ ባለ መነጽሩን አየች፣ ከዚያ ወደ እናቷ ዞራ በራሳቸው ቋንቋ ጠየቀች።

«እማ፣ እውነተኛውን ነው ወይስ ለሰው የሚነገረውን?»

ኢሬኔውሽ አቀረቀረ። አልተረጎመውም። ዣኔታ ሁለት ዓይነት መልስ አስተምራ እንዳሳደገቻት ይህን ያህል ተገልጦ አይታው አታውቅም፤ አፈረች፣ ክፉኛ አፈረች።

«እውነተኛውን» አለች።

ካሊና እፎይ ብላ ተረተረችው። አባቷ እንዴት በጣቱ እየተራመደ እንደመጣ፣ እሷ ተኝታ እንዳልነበረና አስመስላ እንደጠበቀችው፣ በባዶ እግሯ ሁለት ዙር እንዳመለጠችው፣ በመጨረሻ ባልዲውን ነጥቃ እሱኑ እንዳጠመቀችው። እጇ፣ እግሯ፣ ሁሉ ነገሯ አብሮ ያወራል። ስትጨርስ ቆም ብላ አስተማሪዋን በሐሳብ አየቻት።

«አንቺንስ ማን ገረፈሽ?»

«እኔን? ማንም።»

«ማንም?!» ካሊና የአስተማሪዋን ትከሻ መታ መታ አደረገች። «አይዞሽ። ለከርሞ አባቴን እልክልሻለሁ።»

ሲኖቨ ሳቋ አመለጣት። ኢሬኔውሽም ሳቀ። ሲኖቨ ሳቋን ከጨረሰች በኋላ ግን ወረቀት ስባ አንድ ነገር ጻፈች፤ ምን እንደጻፈች ለዣኔታ አልታያትም። ብትጠይቅ ሊነግሯት ይችሉ ይሆናል። አልጠየቀችም።

«እንግዲህ ወደ ጠራንሽ ጉዳይ» አለች ሲኖቨ። «ካሊና ካለፈው ወር ጀምሮ ዕቃዋን ታድላለች። የእርሳስ መያዣዋን፣ ጓንቷን፣ የዝናብ ልብሷን እንኳ። ለምን ስንላት 'ስንሄድ እንዳንቸኩል' ትለናለች። እናቴ ሁልጊዜ ቶሎ እንሄዳለን ትላለች አለችን። ቡድን ስንመድብም 'እኔን አትቁጠሩኝ' ትላለች። ዣኔታ፣ ልትሄዱ ነው?»

ኢሬኔውሽ ቀና ብሎ ዣኔታን አያት። የሚያውቀውን ያውቃል፤ አፉን ግን አልከፈተም። አምኗት ይሁን ወይስ ስትዋሽ ሊይዛት? ዣኔታ ይህንንም መለየት አቃታት። አዎ ብትል፣ ከአሁኑ ንግግሯ በኋላ ልጅ ይዛ ልትሸሽ ነው ይሏታል። አይ ብትል ደግሞ ልጇ ፊቷን እያየች ነው።

ቀድማ የተናገረችው ካሊና ናት።

«እማ፣ ቅዳሜ የማሪት ልደት ነው። እኔንም ጠርታኛለች። የምንሄደው ከቅዳሜ በፊት ነው በኋላ?»

አልተቆጣችም፤ አላለቀሰችም። ዝናብ ይጥላል ወይ እንደሚል ሰው ነው የጠየቀችው። ዣኔታ ይህን የጠየቀችውን ልጅ እንደ አዲስ አየቻት። ለካ ልጅቱ በአምስቱም ዓመት ማታ ማታ ስትተኛ የምትሄድበትን ቀን እየጠበቀች ነበር።

«በኋላ» አለች ዣኔታ። «ከቅዳሜ በኋላ።»

«ብዙ በኋላ?»

ዣኔታ አፏን ከፈተች፤ ከሁለቱ መልሶች የትኛውን እንደያዘች ፈልጋ አጣች።

«አላውቅም፣ የኔ ልጅ። እውነተኛው እሱ ነው፤ አላውቅም።»

ካሊና ይህን መልስ አገላብጣ መረመረችው። ከዚያ ፊቷ ድንገት ጭፍግግ አለ።

«እንዴ፣ ታዲያ ምን ይዤ ልሂድ?» አለች። «ለማሪት የሚሆን ምንም አልቀረኝም እኮ። ሁሉንም ሰጥቼዋለሁ።»

ሲኖቨ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ኢሬኔውሽ የግድግዳውን ሰዓት አየና ለዣኔታ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ በፖላንድኛ፣ «ዘጠኝ ሰዓት አልፏል፣ እመቤቴ፤ መርከቡ...» አላት። ዣኔታ ሰምታዋለች። እጇ ግን የልጇን ፀጉር ከግንባሯ ላይ ወደ ኋላ እየመለሰ ነበር፤ ከተቀመጠችበትም አልተነሳችም።