ሰው የማያየው ጓሮ

አካፋው ድንጋይ ላይ አርፎ እጇን እስከ ትከሻዋ አነዘራት። ቦዠና ጥርሷን ነክሳ እንደገና ረገጠችው።

በሕይወቷ ቆፍራ አታውቅም። ጓሮው የባሏ የቪቶልድ ነበር። አሁን ግን ቪቶልድ ጽጌረዳውን ከአረሙ መለየት አቅቶታል። ባለፈው እሑድ እርቃኑን ወጥቶ ሲከረክም የጎረቤት እንግዶች በሽቦው አጥር በኩል አዩት፤ አንዱም ሳቀ። ዕድሜውን በሙሉ ርእሰ መምህር የነበረ፣ ያለ ከረባት ዳቦ ቤት እንኳ የማይሄድ ሰው!

በማግስቱ ከምትሠራበት ፋርማሲ ፈቃድ ወስዳ ከሉብሊን ከተማ ዳር ወዳለው ችግኝ መሸጫ ሄደች።

«ቶሎ አድጎ የሚሸፍን ይስጡኝ» አለችው ሻጩን። «አጠጪኝ፣ ከርክሚኝ የማይል። የምንከባከበው አንድ አለኝ፤ እሱ ይበቃኛል።»

ለዙሪያው የጥድ ችግኝ ገዛች። እሾህ እንዳይወጋው ጽጌረዳውን ነቀለች። ሄዶ ሄዶ ተመልሶ ቤቱ በር ላይ የሚያደርሰው ክብ የጠጠር መንገድ አሰበችና የመንገዱንም የችግኞቹንም መስመር በችካልና በሲባጎ ምልክት አደረገችበት።

«በእኛም በኩል ልትተክይ ነው?» አለች ጎረቤቷ ኢሬና ከአጥሩ ማዶ።

«ዙሪያውን።»

«ወንድሜን እኮ ልክ ልኩን ነግሬዋለሁ። ዳግመኛ አይስቅም።»

«አንቺን አልተቀየምኩም፣ ኢሬና። ግን ቪቶልድ ማፈሩን ረስቷል። እኔ ላፍርለት እንጂ።»

ኢሬና ወደ ጉድጓዱ አንገቷን አስግጋ፣ «ታዲያ ሰፋ አድርጊው! ድመት ነው እንዴ የምትቀብሪው?» አለቻት።

ቦዠና ከስንት ቀን በኋላ ሳቀች። ኢሬናም ድስቷ እንዳያርባት ብላ ገባች።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ቪቶልድ የሸሚዙን ቁልፍ አዛንፎ ቆልፎ ወጣ። ቁፋሮውን ቆሞ ካየ በኋላ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ።

«ደህና ዋሉ፣ እመቤት።»

ቦዠና ኢሬና ተመልሳ መስሏት ዞር አለች። ከኋላዋ ማንም የለም።

«ባለቤቴ ናት የቀጠረችዎት?»

ስሟን ሲረሳው ችላው ነበር። በእናቱ ስም ሲጠራትም «አቤት» ብላለች። ሲቆጣም፣ ሲያለቅስም፣ ሌሊት ሲያባርራትም «አንቺ» ይላት ነበር፤ ዕድሜዋን በሙሉ «አንቺ» ነበረች። «እርስዎ» ሲላት አካፋውን ተደገፈች። «እኔ ነኝ እኮ!» ልትል አፏን ከፈተች። እሱ ግን ሥራ ላይ ያለ ሰው እንዳያስቸግር እየተጠነቀቀ፣ በትሕትና መልሷን ይጠብቃል።

«አዎ ጌታዬ» አለች። «ባለቤትዎ ናቸው።»

«እዚህ ጋ ዛፍ እንደሚቆም ታውቃለች?» ወደ ኢሬና አጥር ጠቆመ። «የማታ ፀሐይ የሚገባው እኮ በዚህ ነው። ቀኑን ሙሉ ቆማ ስለምትውል እግሯ ያብጣል። ማታ ማታ ጫማዋን አውልቃ እዚህ ታሞቀዋለች። እኔ እንዳላየ እሆናለሁ፤ እንዳያት አትፈልግም።»

ቦዠና ፊቷን ጭቃ በነካው እጅጌዋ ጠረገች። ያን እብጠት ከእሱ ስትደብቀው ነበር የኖረችው።

«ጥሩ ሴት ናቸው?»

«ቁጡ ናት» አለ ፈገግ ብሎ። ወዲያው ፈገግታው ጠፋ። «ስትዘገይ ግን ቤቱ ይጠበኛል። ዛሬም ዘገየች።»

ቦዠና በኢሬና በኩል የተከለቻቸውን ችካሎች አንድ በአንድ ነቀለች። ያየ ይየው። ከዕቃ ቤት አግዳሚውን ጎትታ አወጣችና ፀሐዩ ላይ አኖረችው። ቪቶልድ አንዱ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እግሯ ስለዛለ እሷም በሌላው ጫፍ ልትቀመጥ ጎንበስ አለች።

«ይቅርታ እመቤት» አለ እጁን በባዶው ቦታ ላይ ዘርግቶ። «የሷ ነው። አሁን ትመጣለች።»

ቀና አለች። ለአፍታ ዐይን ዐይኑን አየችው። ከዚያ አፈር የምታወጣበትን ባልዲ ከነጭቃው አነሣች።

«እስኪመጡ አብሬዎት ልጠብቅ?» አለችው፤ ባልዲውን ገልብጣ ከጎኑ ተቀመጠች።