አስራ ሁለተኛው መስመር

«ያጽናሽ» አለና ድራመሩ እጇን ጨበጠ። እጇን ሳይለቅ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ፣ «ለመሆኑ ዝርዝሩን ጨርሰውት ነበር?» አላት።

የሟቹ ትልቋ ልጅ እጇን ቀስ ብላ ሳበች። አባቷ ከተቀበረ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው፤ ይህን የጠየቃት ግን ሰባተኛው ሰው ነው። የሚገባው ሁሉ መጀመሪያ ያለቅሳል፣ ቀጥሎ ቡናውን ፉት ይላል፣ ከዚያ አንገቱን አስግጎ ወደ ጆሮዋ ይመጣል። አንዲት ዘማሪ እንባዋን ሳትጠርግ «እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው» ብላታለች። ሁለት ወጣት ራፐሮች ደግሞ አንተ ጠይቅ፣ አንተ ጠይቅ እየተባባሉ ሲገፋፉ ቆይተው፣ ድፍረቱ ሲያጥራቸው ሁለት ሁለት ሲኒ ጠጥተው ሄዱ።

«አላውቅም» አለችው ድራመሩን። ውሸቷን ነው።

በሩ አጠገብ፣ ጃኬቱን እንኳ ሳያወልቅ የተቀመጠው ታናሽ ወንድሟ ቀና ብሎ አያት። ዘፋኝ ነው። እዚህ ቤት ሲገባ ከስድስት ዓመት ወዲህ ይህ የመጀመሪያው ነው። አክስታቸው «ወደ ውስጥ ግባ እንጂ፣ እንግዳ ነህ እንዴ?» ብትለው፣ «እዚህ ይሻለኛል» ብሏት ከትናንት ጀምሮ ከዚያች ወንበር ንቅንቅ አላለም። ከሙዚቀኞቹ መሀል ስለ ዝርዝሩ ያልጠየቃት እሱ ብቻ ነው። ትልቋን እንቅልፍ የነሳት ደግሞ እሱ ነው።

ሟቹን ሙዚቀኞች «ዳኛው» ይሉት ነበር። ሰላሳ ዓመት ሙሉ፣ ዓመቱ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው፣ በዚያ ዓመት ከወጡት አልበሞች አስራ ሁለቱን መርጦ በሬዲዮ ያነባል። ዓይነት አይለይም፤ ጃዙም፣ መዝሙሩም፣ የሰርግ ዘፈኑም፣ ራፑም እኩል ይሰለፋሉ። የገባ ዓመቱን ሙሉ መድረክ አያጣም፤ ያልገባ ዓመቱን ሙሉ «ምነው?» ይባላል። ሲጨርስ የማይለውጣት አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረችው፦ «እነዚህን ሁሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በራሴ ጆሮ ሰምቻቸዋለሁ።» ይህችን ከሥር ጽፎ ካልፈረመባት ወረቀቱን ለጣቢያው አይሰጥም።

አሰማሙም የራሱ ሥርዓት ነበረው። አንዱን አልበም ሦስት ጊዜ ይሰማል፤ መጀመሪያ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ቀጥሎ ዕቃ እያጠበ፣ በመጨረሻ በማግስቱ ጠዋት ከማንም ጋር ቃል ሳይለዋወጥ። በሰማ ቁጥር ከሽፋኑ ጀርባ በእርሳስ አንድ ጭረት ያኖራል። ሦስት ጭረት ሳይሞላ ስለዚያ አልበም ቢገድሉት አይናገርም።

የልጁን የመጀመሪያ አልበምም ሦስት ጊዜ ሰማው። ከዚያ አገር እየሰማ በሬዲዮ፣ «ይህ ልጅ ድምፅ አለው፤ በድምፁ የሚለው ነገር ግን ገና አላገኘም» አለ። ልጁ መሆኑን የማያውቅ አልነበረም። ወንድሟ በዚያው ቀን ልብሱን ሻንጣ ውስጥ ጠቅጥቆ ወጣ። አባባ በሩ ላይ ቆሞ «ለሌላው ብዋሽ ለአንተ አልዋሽም» ቢለው ሳይዞር ደረጃውን ወረደ። ግትርነቱን ከማን እንደወረሰ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

ከሰዓት በኋላ የጣቢያው ኃላፊ መጣ። ከአባባ ጋር በአንድ ሳምንት የተቀጠሩ ናቸው፤ ያለቀሰውም ከልቡ ነው። ካለቀሰ በኋላ ግን መነጽሩን ጠርጎ «እስቲ ወደ ውስጥ እንግባ» አላት።

የአባባ ክፍል ጠባብ ናት። ሁለት ትልልቅ ስፒከሮች፣ አንድ ወንበር፣ እስከ ጣሪያ የተደረደሩ አልበሞች። ትልቋ ወረቀቱን ከመሳቢያ አውጥታ ሰጠችው። ኃላፊው ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበ። ሦስት ሽማግሌዎች በአንድ ማይክ የቀዱት ጃዝ። የአንዲት መምህርት የልጆች መዝሙሮች። ሰባን ያለፉ የሰርግ ዘፋኝ፣ በዕድሜያቸው የመጀመሪያ አልበም። አንድ የመብራት ሠራተኛ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ በኮምፒውተር ያቀናበረው ቃል የሌለው ሙዚቃ። የእነዚያ የሁለቱ ራፐሮችም አለ፤ ሳያውቁት ሄዱ።

«አስራ አንድ ነው» አለ ኃላፊው። «አስራ ሁለተኛው መስመር ባዶ ነው። ቃሉም ፊርማውም የለም።»

«አልጨረሰውም።»

«ጽሑፉ ያንቺ ነው እኮ።»

«እሱ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ።»

ኃላፊው ሄዶ በሩን ዘጋው። «ስሚኝ ልጄ። ነገ በአራት ሰዓት መጥቼ እወስደዋለሁ፣ ከነገ ወዲያ ይነበባል። አስራ ሁለተኛው ላይ ወንድምሽን ጻፊው። ዳኛው ሲሞት ልጁን ታረቀው ቢባል ማን ይጠላል? ፊርማውን ደግሞ እንደ ራስሽ ታውቂዋለሽ። የምናውቀው አንቺና እኔ ነን፤ ሆድ ይፍጀው።»

ትልቋ ወረቀቱን ተቀብላ ወደ መሳቢያው መለሰችው። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ እሷም ይህንኑ ስታስብ ነው የቆየችው፤ ያስፈራትም ይኸው ነው። አንድ መስመር ብትጽፍ ወንድሟ ጃኬቱን ያወልቃል። እንደ ድሮው ወጥ ቤት ገብቶ ድስት ይከፍታል። ደግሞስ የቱ እውነት ቀረና ነው? አባባ የአምናውን ዝርዝር ካነበበ ወዲህ አንዳች ነገር ሰምቶ አያውቅም።

መጀመሪያ ግራው፣ ከሁለት ወር በኋላ ቀኙ ጠፋ። ሐኪሙ ነገሩን በወረቀት ጽፎ ሰጠው። አባባ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ደረጃውን ሲወርዱ፣ «ከአንቺና ከዚህ ሰውዬ ሌላ ማንም እንዳያውቅ። ማይልኝ» አላት። ማለችለት። ከዚያ ወዲያ ስልክ የምታነሳው እሷ፣ ከእንግዳ ጋር ሲቀመጥ ጎኑ የምትሆነው እሷ። መንገድ ላይ ከጀርባው ሲጠሩት ዝም ብሎ ሲያልፍ «ኮራ» ተባለ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ሐሜቱን እሱ አልሰማውም፣ እሷ ግን ሁሉንም ሰማችለት።

ከሥራ ስትመለስ ጠረጴዛው ላይ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። እሷ የጆሮ ማዳመጫ አድርጋ የሰማችውን ትጽፋለች፣ እሱ ያነባል። «ሳክስፎኑ ሊያለቅስ ይልና ሐሳቡን ይቀይራል» ብላ ከጻፈች፣ «ሐሳቡን ቀየረ ማለት ምን ማለት ነው? ወጣ ነው ወረደ?» እያለ ይጮህባታል፤ የራሱን ድምፅ ስለማይሰማ ቤቱን ያናጋዋል። አንዱን አልበም አስር ገጽ ያስጽፋታል። ደስ ካለው ጠረጴዛውን በቡጢ ይመታል። ሦስት ጊዜ ማሰማቱንና ጭረቱን ግን አልተወም። ትልቋ በዕድሜዋ የዚያን ዓመት ያህል ከአባቷ ጋር ተቀራርባ አታውቅም፤ ለዚህም አንዳንዴ ታፍር ነበር።

በዓመቱ አጋማሽ የወንድሟ ሁለተኛ አልበም ወጣ። ገና ማዳመጫውን ስታደርግ አባባ ከራሷ ላይ ነጠቃት።

«የእሱን በሌላ ሰው ጆሮ አልፈርድም። አንቺም እንዳትሰሚው።»

«ለምን?» ብላ ጻፈችለት።

«ከሰማሽው ፊትሽ ላይ አነብበዋለሁ።»

አልበሙን ይዞ ክፍሉ ገባ። የት እንዳኖረው አላየችም። አስራ ሁለተኛው መስመር ባዶ የቀረው በዚህ ነው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት የታችኛው ፎቅ ልብስ ሰፊ መጣች። ጥቁር ለብሳለች፤ ሜትሯን ግን አንገቷ ላይ ረስታዋለች። ቤቱ በሰው ሞልቷል።

«እኔ ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አለች፣ ገና ሳትቀመጥ። «ከእሳቸው ጋር ተኳርፈን ነው የተለያየነው።»

«ምን አድርጎሽ?» አለች አክስት።

«ጠዋት አራት ሰዓት ሲሆን ሙዚቃ ይከፍታሉ። መክፈት ነው ልበለው? መቀሴ ከጠረጴዛ ላይ እየተንቀጠቀጠ ይወድቃል! በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያውን ብደበድብ፣ ብደበድብ፣ ወይ ፍንክች። ንቀውኝ ነው ብዬ ሰላምታዬን ነሳኋቸው። ሌላ ሌላ ቢሆን እንኳ አንድ ነገር ነበር። ያንኑ አልበም፣ በየቀኑ ያንኑ! በቃሌ ያዝኩት እኮ።» ልቅሶ ቤት መሆኗን ዘነጋችና አንዷን መስመር አዜመቻት፦ «ገፋ አርገው በሩን፣ አልቆለፍኩትም…»

ሲኒዎቹ ሁሉ ባሉበት ቆሙ።

«ምነው? የማን ዘፈን ነው?» አለች ሰፊዋ።

«የኔ» አለ የትልቋ ወንድም ከበሩ አጠገብ። ተነስቶ ማንንም ሳያይ ወደ አባባ ክፍል ገባ። ትልቋ ተከተለችው።

«ያፌዝብኝ ነበር ማለት ነው?» አላት በሩ ገና ሳይዘጋ። «መርፌ ሲወድቅ የሚሰማ ሰው ቤት እስኪናወጥ የሚከፍተው ለምንድን ነው? ለጎረቤት ሊያስቅብኝ? እታለም፣ እውነቱን ንገሪኝ። ዝርዝሩ ላይ አለሁ ወይስ የለሁም? አንድ ቃል ንገሪኝና ልሂድ።»

ለአራት ሩብ ጉዳይ ነበር። ኃላፊው መንገድ ላይ ነው። ወረቀቱ እዚያው መሳቢያ ውስጥ፣ እስክሪብቶውም አጠገቡ። «አለህ» ልትል አፏን ከፈተች። ለሌላው ብዋሽ ለአንተ አልዋሽም ያለው ሰው ወንበሩ እዚያው ፊቷ ነው።

«የለህም» አለችው።

ራሱን ነቀነቀ። የጃኬቱን ዚፕ እስከ አገጩ ሳበና ወደ በሩ ሄደ። ትልቋ በሩን በጀርባዋ ደገፈችው።

«አልጨረስኩም።»

«ጨርሰሻል። ልቀቂኝ።»

«አልሰማህም! አንተን ብቻ አይደለም፣ ማንንም አልሰማም። ጆሮው ጠፍቶ ነበር። ሁለቱም! ዓመት ሊሞላው ነው!»

እጁ ከበሩ እጀታ ላይ ወረደ። ሁሉንም ነገረችው፤ ሐኪሙን፣ መሐላውን፣ አስር አስር ገጹን፣ ማዳመጫውን የነጠቃትን ቀን። ወንድሟ ቆሞ ሰማት። ስትጨርስ ወደ ማጫወቻው ሄዶ ከፈተው። የእሱ ሲዲ ውስጡ ነበር። ሽፋኑን ከስፒከሩ ኋላ ሳበው።

ጀርባው በጭረት ጠቁሯል። አምስት አምስት እየታሰሩ፣ የዘፈኖቹን ስም ዙሪያ ከበው፣ ጠርዙ ላይ ቦታ ሲያጡ ወደ ጎን እየታጠፉ ሄደዋል። እስከ ስልሳ ድረስ ቆጠረና ተወው። ትልቋ ግን ስፒከሩን ታይ ነበር። ፊቱን በሸፈነው ጨርቅ ላይ፣ በሁለት እጅ መዳፍ ልክ፣ ወዝ ይዞ የተላጨ ቦታ አለ። አንድ ቀን ከሥራ ቀደም ብላ ስትመጣ፣ ሁለት እጁን እዚያ አሳርፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አግኝታው ነበር። «አቧራ ልጠርግ ብዬ ነው» ብሏታል። አመነችው።

«ታዲያ ለምን አልጻፈኝም?» አለ ወንድሟ። ድምፁ የልጅነቱን መስሎ ነበር።

«በጆሮው አልሰማህማ።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ጃኬቱን አወለቀና ጉልበቱ ላይ አኖረው።

ደወሉ ተደወለ። ትልቋ ወረቀቱን አወጣች። አስራ ሁለተኛውን መስመር አልነካችውም። ከሥሩ በራሷ እጅ «አስራ አንዱን እኔ ልጁ ሰምቼ ነገርኩት፤ እሱ መረጠ» ብላ ጽፋ የራሷን ፊርማ አኖረች። መሐላዋ አሁን አገር ፊት ፈረሰ።

ኃላፊው ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ሁለቴ አነበበው። ፊቱ ጠቆረ። «ይህ ይነበብ? የሰላሳ ዓመት ስሙን ልታጠፊው ነው?»

«በራሱ ጆሮ ሳይሰማ ፈርሞ አያውቅም። ዘንድሮም አልፈረመም። ስሙ ይኸው ነው።»

ኃላፊው መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ከዚያ ወረቀቱን አጥፎ በውስጥ ኪሱ አኖረ። «አስራ አንድ አንብበን አናውቅም» አለ ለራሱ፣ እየወጣ።

ስትመለስ ወንድሟ እዚያው ነው።

«አንቺስ ሰምተሽዋል?»

«አልሰማሁም። ከልክሎኝ ነበር።»

ወንድሟ ማጫወቻውን ነካው። ድምፁ አባባ እንደተወው ነበር። ግድግዳው ተንቀጠቀጠ፣ መስኮቱ ጮኸ። አክስት በሩን በርግዳ «አብዳችኋል? ልቅሶ ቤት…» ብላ ጀመረች፤ ሁለቱም መዳፋቸውን ስፒከሩ ላይ አሳርፈው ስታይ ተወችው። በሩን ቀስ ብላ መለሰችው።

ትልቋ እስከ መጨረሻው ሰማች። አልበሙ ሲያልቅ ወንድሟ ፊቷን ለማየት ዞረ። ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰችበት።

«እንዴት ነው?» አላት።

እርሳሱን ከመሳቢያው አወጣች፣ ሽፋኑን ከእጁ ወሰደች፣ ከአባባ የመጨረሻ ጭረት ቀጥሎ አንድ ጭረት አኖረች።

«ገና ነው» አለችው። «ሁለት ይቀረኛል።»