ከሾፌሯ ጀርባ ያለው ወንበር

«ይቅርታ፣ የሾፌሯ ቤት ይሄ ነው?» አሉ ሽማግሌው፣ ደፉ ላይ ቆመው።

የለቀስተኛው ወሬ ቀጥ አለ። የሟች እህት የሻይ ትሪውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። የሾፌሯ ባል፣ ፍሪጅ ሠሪው፣ ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ በአይሁድ ደንብ ጫማውን አውልቆ ወለሉ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ቀና ቢል አባቱ ናቸው። ዓይኑን ማመን አቃተው።

እኚህ አባት ልጃቸው ክርስቲያን ሲያገባ ልብሳቸውን ቀደው፣ በቁሙ እርሙን አውጥተው፣ ሐዘን ተቀምጠውለት ነበር። ከዚያ ወዲህ ደጁን ረግጠው አያውቁም።

ሚስቱ ግን ቂም የሚባል አልፈጠረባትም። የከተማ አውቶብስ ሾፌር ነበረች። ሳቋ ከሞተሩ በላይ ስለሚሰማ ባልደረቦቿ «ጡሩምባ» ይሏታል። አንድ ቀን ከሥራ ስትገባ፣

«ዛሬ አባትህን ጫንኩልህ» አለችው። ከፎቶ ለይታቸው ኖሯል።

«ማን እንደሆንሽ ነገርሻቸው?»

«ምን በወጣኝ! ከኋላዬ ያለውን ወንበር አስለቅቄ አስቀመጥኳቸው፤ ስናወራ መጣን። አደራ፣ ማንም እንዳይነግራቸው። ካወቁ በእግራቸው ነው የሚሄዱት።»

ዓመታት እንዲሁ አለፉ። ሽማግሌው ፌርማታው ላይ ካልታዩ ቆማ ትጠብቃለች፤ ተሳፋሪው ሲያጉረመርም «ቆይ እንጂ፣ ሞተሩ ትንሽ ይሙቅ» ትላለች። ቤት ስትገባ ወሬያቸውን ለባሏ ታቀብለዋለች፤ ምን እንዳሳቃቸው፣ ሳላቸው እንዴት እንደዋለ። ፍሪጅ ሠሪው አባቱን የሚያገኘው በእሷ አፍ ነበር።

አሁን እኚያ አባት ፊቱ ቆመዋል።

«አባባ፣ ማን ነገረዎት?»

«መሞቷን አዲሱ ሾፌር ነገረኝ።» አንድ እርምጃ ጠጋ አሉ። «ሚስትህ መሆኗን ግን ማንም አልነገረኝም። ከጥንትም አውቃለሁ።»

«እንዴት አድርገው?»

«እናትህ ስታስተኛህ የምታንጎራጉርልህ ዜማ ነበር፤ ከራሷ ያወጣችው። አንድ ቀን ሚስትህ እየነዳች ስታንጎራጉረው ሰማኋት። ከኛ ቤት ሌላ ማን ያውቀዋል?»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«አውቄያለሁ ካልኩ መውረድ ሊኖርብኝ ነዋ!» አሉ ሽማግሌው። «ደግሞ ከተማ ምን ጉዳይ ነበረኝ? መጨረሻው ፌርማታ ድረስ እሄድና ከእሷው ጋር እመለስ ነበር።»

የሟች እህት ትሪውን አስቀምጣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ሽማግሌው ወለሉ ላይ ለመቀመጥ ግድግዳውን ሲደገፉ፣ አብሯቸው የመጣው የምኩራብ ወዳጃቸው ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ፣

«ለምራት እኮ ሐዘን የመቀመጥ ግዴታ የለብዎትም» አላቸው።

«ለልጅ ግን አለብኝ።»

ጫማቸውን ሊያወልቁ ጎንበስ ቢሉ ወገባቸው እምቢ አለ። ፍሪጅ ሠሪው እየዳኸ ተጠጋና የአባቱን የጫማ ማሰሪያ ይፈታ ጀመር።