ከደጋጎቹ ክብ የተለቀመ ድንጋይ

ዴሊያ ጋቪን ገና ከቤቷ ስትወጣ ተናዳ ነበር። የባሏ የወንድም ልጅ ፊንታን በመስከረም የሚያመጣቸውን እንግዶች የጉዞ ዕቅድ ለካራሞር መንደር ሰው ሁሉ ላሳይ ብሎ በሰበካው አዳራሽ ጠርቷል፤ ያውም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰው ምሳውን እንጂ ንግግር በማይፈልግበት ሰዓት። በዕቅዱ ውስጥ ለእሷም ሥራ ተመድቦላታል። ጥቁር ሻል ተከናንባ፣ ምድጃ ዳር ተቀምጣ፣ ዳቦ እየቆረሰች የጥንት የአየርላንድ እናት መሆን ነው ሥራዋ። ዕድሜዋን ሙሉ በጎማ ቡትስና በዝናብ ካፖርት ላም ስታልብ የኖረች ሴት ናት። ሻል የለኝም ብትለው ጋልዌይ ከተማ ድረስ ሄዶ ገዝቶላት መጣ።

ፊንታን ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆንማ በተሻለ ነበር፤ ክፉን ሰው ረግሞ መተው ይቻላል። ወጣቱ ሁሉ ወደ ደብሊን ሲነጉድ መንደሬን አልለቅም ብሎ ባሕሩ ዳር የእንግዳ ማረፊያ የከፈተ ልጅ ነው። ችግሩ አፉ ነው። ምላሱ ቅቤ ነው፣ ያየውን ሁሉ አሳምሮ ካላወራ እንቅልፍ አይወስደውም።

መብራቱ ጠፋና ሥዕሎቹ ግድግዳው ላይ ይታዩ ጀመር። የመጀመሪያው ቀን ገደሉና የባሕር ወፎቹ። ሁለተኛው ቀን ከረግረጉ ደርቆ እንደ ማገዶ የሚነደውን አፈር መቁረጥ፣ ለዚያውም እንግዶቹ ከፍለው፤ እዚህ ላይ የዴሊያ ጎረቤት ማቲ ሩዋን፣ የኔ ወገብ የተቀጨው በነፃ ነው ብሎ አዳራሹን አሳቀ። ሦስተኛው ቀን ቫዮሊንና ጭፈራ። ዴሊያ ራሷ ፈገግ ልትል ምንም አልቀራትም ነበር። ከዚያ አራተኛው ቀን መጣ።

ግድግዳው ላይ ከባሕሩ በላይ ያለው ጉብታ ታየ። በዝቅተኛ ክብ የአፈር ካብ ተከብቧል፣ መካከሉ ላይ አንዲት አሮጌ እሾሃማ ዛፍ ቆማለች፣ ሣሩ ውስጥ ነጫጭ ድንጋዮች ያበራሉ። የካራሞር ሰው የደጋጎቹ ክብ ይለዋል። ደጋጎቹ የሚባሉት ከመሬት በታች ይኖራሉ የሚባሉት ስውራን ናቸው፤ እንዲህ የሚቆላመጡትም ደግ ስለሆኑ ሳይሆን ስለሚፈሩ ነው። ሥዕሉ ሲመጣ የዴሊያ እኩያ የሆነ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። ማቲም ሳቁን ዋጠ።

ፊንታን ተረቱን ጀመረ። ደጋጎቹ ከነጫጮቹ ድንጋዮች ሥር ተኝተዋል፤ በላያቸው የሮጠ ልጅ ይቀሰቅሳቸዋል፤ የቀሰቀሳቸውን ደግሞ ይዘውት ይሄዳሉ። ዴሊያ እያንዳንዱን ቃል ታውቀዋለች። ያስጠናችው እሷ ናት፤ ልጅ ሳለ ኳሱን እያሳደደ ካቡን ሊዘል ሲል ደርሳ፣ እጁን ይዛ ወደ ቤት ጎትታ፣ ጭኗ ላይ አስቀምጣ። የካራሞር እናት ሁሉ ለልጇ የምትነግረው ያንኑ ነው። እውነቱ ለልጅ የሚነገር አይደለማ። አጥር የሌለው መቃብር የሚታጠረው በተረት ነው።

አዎ፣ መቃብር ነው። በዚያ ዘመን ክርስትና ሳይነሳ የሞተ ሕፃን ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አይቀበርም ነበር። የዴሊያ የመጀመሪያ ልጅ ሳያለቅስ ተወለደ፤ ቄሱም ሕጉን ተናግረው ሄዱ። ባሏ ማርቲንና ወንድሙ ኮሊ፣ የዚህ የፊንታን አባት፣ ሬሳውን በሻይ ሳጥን አድርገው ሰው ሳያያቸው ጉብታውን ወጡ። እሷን ነይ ያላት የለም። ማርቲን ባሕሩ ዳር ሲመርጥ ቆይቶ ያመጣውን ነጭ ድንጋይ በራስጌው አስቀመጠ፤ መዳፍ የሚያህል፣ መካከሉን ግራጫ መስመር የሚያቋርጠው። ኋላ ዘመን ተለወጠ፣ ሕጉም ተረሳ፤ ይቅርታ ብሎ በሯን ያንኳኳ ግን የለም። ኮሊም ሞተ፣ ማርቲንም ሞተ። ከልጇ የቀራት ያ ድንጋይ ብቻ ነው።

ፊንታን እዚያ አግዳሚ ወንበር ይቀመጣል አለ። ፀሐይ ስትጠልቅ ሻይና ሳንድዊች ይቀርባል አለ።

«ከዚያ እያንዳንዱ እንግዳ አንድ ነጭ ድንጋይ መርጦ ለማስታወሻ ወደ ቤቱ ይወስዳል።»

ይህን ብሎ ከጠረጴዛው ሥር ባልዲ አወጣ። ለናሙና ለቅሜያቸዋለሁ፣ እስቲ ተቀባበሏቸውና እዩአቸው አለ። ሰዉም ይቀባበል ጀመር፤ ወጣቶቹ እያገላበጡ፣ ሽማግሌዎቹ እንዳቃጠላቸው ሁሉ ቶሎ ለጎረቤታቸው እያሻገሩ። አንዱ ድንጋይ ዞሮ ዞሮ ዴሊያ መዳፍ ላይ አረፈ። የእሷ አይደለም። የማን እንደሆነ አታውቅም። ተነሥታ በቀጥታ ማቲ ሩዋን ፊት ሄዳ ቆመች።

«ማቲ፣ ይሄ ያንተ ነው?»

ማቲ ጫማውን ያያል። «ተይ እባክሽ፣ ዴሊያ። ሰው አለ።»

«ሰው ስላለ እኮ ነው የምጠይቅህ። ያንተ ነው ወይስ አይደለም?»

ማቲ ድንጋዩን ተቀብሎ በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረገው። «እንጃ» አለ። «የኛዎቹ ሁለት ናቸው። ከዛፏ በታች። ባለቤቴ ኡና እስክትሞት ድረስ አንድ ቀን ስለነሱ አላወራንም።»

ፊንታን መብራቱን አበራ። ሁለት ምን? ብሎ ጠየቀ፣ ፈገግታው ገና ከፊቱ ሳይጠፋ።

«ልጆች» አለችው ዴሊያ። «ክርስትና ያልተነሱ ልጆች። ድንጋይ መሰለህ የለቀምከው? መቃብር ነው ያፈረስከው። የአጎትህ ልጅ እዚያ ነው ያለው። የቆፈረለትም አባትህ ነው።»

የፊንታን ፊት አመድ መሰለ። «ማንም አልነገረኝም እኮ፣ አክስቴ።»

እውነቱን ነው፤ እውነትነቱ ደግሞ ይበልጥ አንገበገባት። ፊቷን ወደ አዳራሹ አዞረች። ባልዲው ባይመጣ ኖሮ ዝም ብላችሁ ሳንድዊቹን ልትቆርጡለት ነበር አለቻቸው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ትላላችሁ፤ እሺ፣ ዝንቡስ አልገባ፣ ልጆቻችን ግን በባልዲ ወጡ። እኔም ከናንተው ነኝ፣ ተረቱን ያስጠናሁት እኔ ነኝ አለች።

ፊንታን ከድንጋጤው ሲመለስ መጀመሪያ የታሰበው ሰሌዳ ማቆም ነው። ታሪኩ ተጽፎ ቢቆም፣ እንግዶቹም ልባቸው ይነካል አለ። ዴሊያ ድንጋዮቹን ከየሰዉ እጅ ሰብስባ ባልዲው ውስጥ መለሰችና ባልዲውን አንስታ አስታቀፈችው። አፍህን ዝጋና ተሸከም አለችው።

በካፊያ፣ በእሑድ ጫማ ጉብታውን ወጡ። ዴሊያ የሚከተላት ሰው ሦስት አራት ቢሆን ነው ብላ ነበር፤ ዞር ብላ ብታይ መንገዱ ሞልቷል። ድንጋዩን የሚያውቅ የራሱን አውጥቶ ወደ ቦታው ይዞ ሄደ። የማያውቀው ያገኘውን አነሳ፣ የማንም ይሁን የማን ባዶ መሬት ላይ አኖረው። ማቲ ሁለቱንም ቦታ ሳይሳሳት አገኘ፤ ለካ ሳያወራ እየመጣ ያይ ኖሯል።

ዴሊያ በመጨረሻ እጇን ባልዲው ውስጥ ሰደደች። የእሷ የለም። ባልዲውን ገለበጠችው። ድንጋዩ የነበረበት ሣር ቢጫ ሆኖ ከፊቷ ይታያል።

«ግራጫ መስመር ያለው የት ገባ?»

ፊንታን ሃምቡርግ ላለው የጉዞ ወኪል ባለፈው ሳምንት አንድ ናሙና ልኮ ነበር። «ከሁሉ የሚያምረውን መርጬ» አለ፣ ድምፁ እየጠፋ።

ማርቲንም ባሕሩ ዳር የመረጠው ከሁሉ የሚያምረውን ነበር።

ነገ በጠዋት እደውልላቸዋለሁ፣ በፖስታ ይመልሱታል አለ ፊንታን።

«በፖስታ» አለች ዴሊያ። «አባትህ ይሄን ዳገት የወጣው ሳጥኑን አቅፎ ነው። በፖስታ አልላከውም። ፓስፖርትህ ጊዜው አላለፈም አይደል?»

የመስከረሙ ጉዞ ተሰረዘ። በዚያ ወር ከካራሞር የተጓዘ ሰው ቢኖር ፊንታን ብቻ ነው፤ ሃምቡርግ ደርሶ ከተማውን ሳያይ ተመለሰ። ድንጋዩን ያገኘው አንዲት ጸሐፊ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ወረቀቷ እንዳይበርባት አስቀምጣበት። ሻንጣ ውስጥ አልከተተውም፤ አውሮፕላኑ ውስጥ ጭኑ ላይ አድርጎ ይዞት መጣ።

ዴሊያ ክቡ ውስጥ ሆና ጠበቀችው። ያን ጥቁር ሻል ተከናንባለች፤ ከገዛላት ወዲህ ስትለብሰው የመጀመሪያዋ ነው። አላመሰገነችውም። ተንበርከክ አለችው፤ ተንበረከከና ድንጋዩን ቢጫው ሣር ላይ አኖረው። ከዚያ የልጁን ስም ጠየቃት።

«ስሙን ደግሞ ለእንግዶችህ ልታወራው?»

ያ ምላሰ ቅቤ አንገቱን ደፋ። ሱሪው በጭቃ እየራሰ ተንበርክኮ ቆየ። የዴሊያ ቁጣ አልበረደም፣ ይበርዳል ብላም አልጠበቀችም። እሷና ማርቲን ስም እንዳታወጡለት ተብለው ነበር። እሷ ግን ያኔውኑ አውጥታለታለች፤ ለማርቲን እንኳ ሳትነግረው ሆዷ ውስጥ ይዛው ኖራለች።

«ኮልማን» አለች፣ ነፋሱ እንዳይውጠው ጮክ ብላ። ማቲ ሩዋን ከታች ከግጦሹ አጥር በር አጠገብ ቆሞ ሰማና ኮፍያውን አወለቀ።