የአራት ደቂቃ ጨለማ

ቅዳሜ መጋቢት ስድስት ቀን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ መምህር ሕዝቅኤል ከወንበራቸው ተነሡ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ካሜራው ቻርጅ ተደርጎ መጠናቀቁን በይፋ አስታወቁ። አሥራ አንድ ተማሪዎች ቆመን አጨበጨብን።

የፊልም ማሠልጠኛችን ካሜራ አንድ ነው። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ ለብሶ ይቀመጣል። ጨርቁ ሲገለጥ ያየነው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ አቧራ ሊራገፍለት ነበር። የምንማረው ሐይቁ ዳር ካለ ዓሣ ቤት በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። በሁዳዴ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ከሥር እየወጣ ስንት ትምህርት አቋርጦብናል። ክፍሉ እንዲጨልም መስኮቶቹ ላይ ጥቁር ላስቲክ ስለለጠፍን ጣና ከጀርባችን መኖሩን የምናውቀው በጠረኑ ነው።

«ውድድሩ እንዲህ ነው» አሉ መምህር ሕዝቅኤል። ከአዲስ አበባ የመጡ ሰው ናቸው፤ በባሕር ዳር ሙቀት አንገታቸው ላይ ስካርፍ ይጠመጥማሉ። «እያንዳንድሽ የምትወጂውን አንድ ፊልም፣ ምን እንዳደረገብሽና በምን ጥበብ እንዳደረገብሽ ትጽፊያለሽ። ሁለት ሰው እመርጣለሁ። የዛሬ ሁለት ሳምንት ወላጆች ባሉበት ያቀርባሉ። ያሸነፈ ካሜራውን ለሁለት ወር ይወስዳል።»

ለክፍሉ ሲናገሩ ወንዶቹንም በሴት ነው የሚጠሩን። የአዲስ አበባ ነገር ነው ብለን ትተነዋል።

ለሌሎቹ ውድድር ነበር። ለእኔ ሌላ ነበር። አባቴ አቶ ቢያዝን ሠላሳ ዓመት ፋብሪካ ውስጥ የሠሩ ሰው ስለሆኑ ነገር ማንዛዛት አይወዱም። «ካሜራውን ካገኘህ ትማራለህ» አሉኝ። «ካላገኘህ ሰኞ መራዊ ትወርዳለህ። አካሉ ወፍጮው ላይ ሰው አጥቷል።» አካሉ አጎቴ ነው። በወፍጮ ላይ ቂም የለኝም፤ ነገር ግን ወፍጮ ቤት ገብቶ ፊልም ሠሪ ሆኖ የወጣ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም።

ስለ ክፍላችን አንድ ነገር ልናገር። እኛ ዘንድ «ይህን ፊልም አላየሁትም» የሚል ሰው የለም። ሳዲቅ ስለ አንድ የሦስት ሰዓት ፊልም ግማሽ ሰዓት አስረድቶናል። ያየው ስልኩ ላይ የሁለት ደቂቃ ማስታወቂያውን ነው፤ አብረን ስላየነው አውቃለሁ። እኔም ራሴን ስነቀንቅ ነበር። መምህር ሕዝቅኤልም «ሦስቴ አይቼዋለሁ፤ በሦስተኛው ነው የገባኝ» አሉ። «አላየሁትም» የምትል አንዲት ሔራን ብቻ ናት። ጠዋት ጠዋት መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ እዚያ የማያውቁትን አውቃለሁ ማለት ሰው ስለሚገድል ለምዶባት ይሆናል።

እኔ የጻፍሁት በልጅነቴ ጋሽ ኑርሑሴን ቪዲዮ ቤት አምስት ጊዜ ስላየሁት ፊልም ነው። የየት አገር እንደሆነ አላውቅም። ሲዲው ላይ ጋሽ ኑርሑሴን በእስክሪፕቶ «የመርከቡ ሰውዬ» ብለው ጽፈውበታል። አንድ መርከበኛ ከሰባት ዓመት በኋላ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ካሜራው ደረጃውን ከጀርባው ሆኖ ይወጣል። ፊቱን አያሳየንም፤ ጀርባው ላይ በላብ የራሰው ሸሚዝ ብቻ ነው የሚታየው። ሰውዬው ይፍራ ወይም ይደሰት የምናውቀው ከዚያ ሸሚዝ ነው። እኔ እስከ ዛሬ ደረጃ ስወጣ ከኋላዬ በካሜራ የሚያነሣኝ ሰው ያለ ይመስለኛል፤ ጀርባዬንም አስተካክላለሁ።

ከዚያ ሚስቱ በሩን ትከፍታለች። ይተያያሉ። ከዚያ ድርግም ይላል። አራት ደቂቃ ሙሉ ጨለማ። ሙዚቃ የለም፣ ንግግር የለም። በጨለማው መካከል አንድ ሰው ሲስል ይሰማል። ከዚያ ይነጋል፤ ሚስትየዋ ልብስ ስታሰጣ እናያለን።

ስለዚያ ጨለማ ስድስት ገጽ ጻፍሁ። «ሌላው ዳይሬክተር ያሳየናል፤ ይህ ግን አምኖናል» አልሁ። ስለ ሳሉ ብቻ አንድ ገጽ ተኩል ሄድሁ። የባልየው ነው? የሚስትየዋ ነው? ወይስ ያለፈው ሰባት ዓመት ራሱ ነው የሚስለው? መምህር ሕዝቅኤል ከጎኑ በቀይ «ሰባት ዓመቱ ነው!» ብለው ጻፉበት፤ መረጡኝም።

«ያቺ ጨለማ!» አሉ ለክፍሉ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው። «አዲስ አበባ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ነው ያየኋት። ሳሉ ሲመጣ አጠገቤ የነበረች ሴትዮ አለቀሰች።»

«እኔ እንዲያውም አምስት ደቂቃ ነው የመሰለኝ» አለ ሳዲቅ።

ሁለተኛዋ ተመራጭ ሔራን ሆነች። ጽሑፏ ሦስት መስመር ነው። «ብዙ ፊልም አላየሁም። የምወደው ሰው ፊልም ሲያይ ፊቱን ማየት ነው። ሠርቼ አሳያለሁ» ይላል። መምህር ሕዝቅኤል የመረጧት አንዲት ሴት መኖር ስላለባት እንደሆነ በግልጽ ነገሯት። «እሺ» አለች።

ፊልሙን ፍለጋ ወደ ገበያ ሄድሁ። ጋሽ ኑርሑሴን ቪዲዮ ቤቱን ዘግተው የስልክ ሽፋን ይሸጣሉ። ረመዳን ስለነበር ወንበራቸው ላይ ተንጋለው አገኘኋቸው።

«ጋሽ ኑርሑሴን፣ ያ የመርከቡ ሰውዬ አለ?»

«የቢያዝን ልጅ አይደለህ? በጓሮ በኩል ትገባ የነበርከው?»

«ነኝ።»

«አለ። ልጄ ጀሊላ ሁሉንም ፍላሽ ላይ ገልብጣልኛለች።»

«ያ ጨለማውም አለበት?»

«የምን ጨለማ?»

በሩ ሲከፈት የሚመጣውን ጨለማ ነገርኋቸው። ሳሉንም ነገርኋቸው። አንድ ሰው ሕመሙን ሲዘረዝር እንደሚሰማ ሰው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙኝ።

«ሽርጤ ናት» አሉ።

«ምን አሉ?»

«አንዲት አሮጌ ሽርጥ ነበረችኝ፤ ለዚሁ ሥራ። ሴትዮዋ በሩን ስትከፍት ከጎን ሆኜ፣ ሳታዩኝ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ እጥላታለሁ፤ ድምፁንም እዘጋለሁ። የሰው ልጆች ናችሁ እኮ። እናቶቻችሁን ነገ ገበያ ላይ በምን ዓይኔ ላያቸው ነው?»

«ሳሉስ?»

«እኔ ነኛ።»

«አምስቱንም ጊዜ አመመዎት?»

«ማን አመመው አለህ? መቼ እንደሚያልቅ ለማወቅ አንድ ሰው በጎን ማየት አለበት። እንዲያ ያለ ነገር እያየ የማይስል ሰው አለ?»

«ለመሆኑ ምንድን ነው ያለው? ከሽርጧ ሥር?»

«ጾመኛ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ይጠየቃል?» አሉና ፍላሹን ሰጥተው አሰናበቱኝ።

ቤት ወስጄ ላየው አልቻልሁም፤ ሁዳዴ ነው፣ አባቴም ከፋብሪካ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከሳሎን አይነቃነቁም። በማግሥቱ መምህር ሕዝቅኤል ዘንድ ሄድሁ።

«መምህር፣ ስለ ጨለማዋ አንድ የምነግርዎ...»

«እንዳትነካት! አንድ ቃል እንዳትቀንስ። እንዲያውም ለወላጆች የምናሳየው እሷኑ ነው። ከደረጃው ጀምረን ልብስ እስከምታሰጣበት።»

«ምናልባት የእኔ ቅጂ የተለየ ቢሆንስ?»

«ሀዲስ» አሉኝ ትከሻዬን ይዘው። «እኔ አይቻታለሁ እኮ።»

እሳቸው ካዩት እኔ ምን ላድርግ? መራዊን አሰብሁ። ወፍጮውን አሰብሁ። «እሺ» አልሁ።

መጋቢት ሃያ ቀን ሠላሳ የሚሆኑ እንግዶች ለዕለቱ አዳራሽ ወዳልነው ክፍላችን መጡ። መምህር ሕዝቅኤል የመጀመሪያው ረድፍ መካከል ላይ ተቀመጡ። አባቴ ከኋላቸው፣ የዓሣ ቤቱና የፎቁ ባለቤት ከሆኑት ከወይዘሮ የሺአረግ ጎን ተቀመጡ። ሔራን ስልኳን ፊልሙ ከሚታይበት ግድግዳ ሥር፣ ፊቱን ወደ እኛ አዙራ ወንበር ላይ አቆመች። «ለሥራዬ ነው» አለች። ማንም ልብ አላላትም።

ጽሑፌን አነበብሁ። ድምፄ ደህና ነበር። «አሁን ጨለማውን እናያለን» ብዬ ፊልሙን አስጀመርሁ።

ሰውዬው ደረጃውን ወጣ። ሸሚዙ ርሷል። በሩ ተከፈተ። ተያዩ። መብራት እንዲሄድ ጸለይሁ። የባሕር ዳር መብራት ሰው በማይፈልግበት ሰዓት ሁሉ ይሄዳል፤ ያን ቀን ግን እንደ ምሰሶ ጸና። ተሳሳሙ። መሳሳም ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። የሰባት ዓመት ናፍቆት ምን እንደሚያደርግ ሊያሳየን ዳይሬክተሩ መብራት አልቆጠበም፤ ክፍሉ ከመድመቁ የተነሣ የገዛ ጽሑፌን ፊደል ማንበብ እችል ነበር።

ዘወር ብዬ ሳይ ሠላሳ ራስ አቀርቅሯል። አባቴ ጉልበታቸውን ያያሉ። ወይዘሮ የሺአረግ ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው ስበዋል። ሳዲቅ የወደቀ እስክሪፕቶ ይፈልጋል። መምህር ሕዝቅኤል መነጽራቸውን አውልቀው በስካርፋቸው ይወለውላሉ። አንድ ሰው ሳለ። ከዚያ ሌላ ሰው ሳለ። ከዚያ አዳራሹ እንደ ክሊኒክ ሆነ። እኔም ወደ ወረቀቴ አቀረቀርሁ። አራት ደቂቃው ትክክል ነበር፤ በዚያ አልተሳሳትሁም።

ሴትዮዋ ልብስ ስታሰጣ ራሶች ቀና አሉ።

«ጨለማውን አያችሁ?» አሉ መምህር ሕዝቅኤል መነጽራቸውን እያጠለቁ።

«አየን» አለ አዳራሹ።

ምን ይበል? አላየንም ያለ ሰው ምን እንዳየ ሊጠየቅ ነው።

«አቶ ቢያዝን፣ እርስዎስ እንዴት አገኙት?»

አባቴ አሰቡ። «ከባድ ጨለማ ነው» አሉ። «እኔ እንዲህ ያለ ጨለማ አላየሁም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ራሳቸውን ነቀነቁ። መራዊ ስትርቅ ታየችኝ። ተጨበጨበ። መምህር ሕዝቅኤል ሄደው ካሜራው ላይ ያለውን ጨርቅ በገዛ እጃቸው ገለጡ። «ለሥርዓቱ ያህል ሔራንንም እንይና እንጨርሳለን» አሉ።

ሔራን ስልኳን ከፕሮጀክተሩ ጋር አገናኘች። «የእኔ አሁን የተነሣ ነው» አለች። «ድምፅ የለውም። አራት ደቂቃ ነው።»

ግድግዳው ላይ እኛ መጣን። ፊታችን ከፊልሙ በሚመጣ ብርሃን ቦግ ብሏል፤ የአንዳችንም ፊት ላይ ጨለማ አልነበረም። ያቀረቀርነው መጀመሪያ ላይ ነው። ከአንድ ደቂቃ በኋላ የወይዘሮ የሺአረግ ነጠላ በጣት ያህል ተከፈተችና አንድ ዓይን ወጣች። ሳዲቅ እጁ መሬት ላይ ነው፤ ፊቱ ግን ወደ ላይ ነው። መምህር ሕዝቅኤል የሚወለውሉትን መነጽር ሳያጠልቁት በእጃቸው ፊታቸው ላይ ያዙት፤ በዚያው አዩ። እኔም ነበርሁ፤ አፌ ተከፍቷል።

አዳራሹ ውስጥ የሚስል ጠፋ።

አባቴ ብቻ እንዳቀረቀሩ ነበሩ። ሁለተኛው ደቂቃ አለፈ፤ አቀርቅረዋል። ኮራሁ። በሦስተኛው ደቂቃ ዝናብ አባርቶ እንደሆነ እንደሚያይ ሰው ቀስ ብለው ቀና አሉ። ወደ ቀኝ ዘንበል አሉ። ወደ ግራ ዘንበል አሉ። ከዚያ፣ የመምህር ሕዝቅኤል ራስ ስለከለላቸው፣ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉና ወንበራቸውን ወደ ጎን አዛወሩት።